የቤታችን ኮምፒውተር አቅላይ

ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ማኩረፍ የሚወድ አጎት፣ አንዲት ሁሉን የምታስታርቅ አክስት፣ አንድ ደግሞ ኮምፒውተር የሚያቀል ሰው ይመደብለታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢጎድሉ ጎረቤት ይተካቸዋል። ሦስተኛው ግን አይቀርም። እኛ ቤት የለም ካላችሁ፣ ወይ ኮምፒውተር የላችሁም፣ ወይ ሰውዬው ፍላሹን ገና ከኪሱ አላወጣም ማለት ነው።

ለእኛ ቤት የደረሰው የታናሽ እህቴ ባል ነው። ናቸው ልበል እንጂ፤ በአንድ ቤተሰብ ላፕቶፖች ሁሉ ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን ያላቸውን ሰው እሱ ብሎ መጥራት ነውር ነው። ሙያቸው መነጽር መሥራት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ሲለኩ ይውላሉ። ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ከሰው ኮምፒውተር ውስጥ ትርፍ ነገር ሲያወጡ ያመሻሉ። ቤተሰቡ «ክቡር አቅላይ» ይላቸዋል። በቅጽል ስማቸው አይቀየሙም፤ «ክቡር» የምትለዋ ግን ትርፍ ናት ባይ ናቸው።

የክቡርነታቸው እምነት አጭር ነው። ኮምፒውተር የሚታመመው በሆዱ ብዛት ነው። ስለዚህ የበላውን ሁሉ ማስተፋት፣ በምትኩ ኮምፒውተር የሚያሠራውን ሊኑክስ የሚባለውን ፕሮግራም መጫን፣ ከሊኑክስም መርጦ እጅግ ትንሹን፣ አጥንትና ጅማት ብቻ የሆነውን። ከዚያ የሚያስፈልግህን አንድ በአንድ ትጨምራለህ። የሚያስፈልግህ ምን እንደሆነ የሚወስኑት ግን እሳቸው ናቸው።

እኔ የወደቅሁት በምሳ ሰዓት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ እየበላ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «ይቺ ላፕቶፔ ሰሞኑን ቀርፋፋ ሆናብኛለች» አልኩ። ሰው እንዲህ የሚለው «አይ፣ የዘንድሮ ዕቃ!» ተብሎ ወሬው ወደ ሌላ እንዲያልፍ ነው። የጎረስኩትን ሳልውጥ ክቡርነታቸው እጃቸውን ታጥበው ፍላሹን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ቆመዋል።

«ፎቶዎችህን ገልብጠሃል?»

«የት ልገለብጣቸው?»

«ተወው፣ እኔ እገለብጥልሃለሁ። ተነሥ ከዚያ።»

ሳህኖቹ ሳይነሡ ላፕቶፔ ሌላ ፍጥረት ሆነ። እውነቱን ለመናገር ፈጣን ነበር። ማብሪያውን ተጭኜ ወንበሬን እስክስብ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ጥቁር ስክሪን፤ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ሰረዝ። በቃ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ተከፈተ።»

«ምኑ?»

«ኮምፒውተሩ ነዋ!»

«ደብዳቤ የምጽፍበትስ?»

«ስትፈልግ ትጭነዋለህ።»

«እሺ ቀስቷስ? በማውስ የምናንቀሳቅሳት ቀስትስ የት ሄደች?»

«ቀስት ምን ያደርግልሃል?»

ቤተሰባችንን ያራቆተችው ይህቺው «ምን ያደርግልሃል» ናት። የስክሪን ሥዕል ምን ያደርግልሃል? ሲከፈት የሚጮኸው ሙዚቃ ምን ያደርግልሃል? ካሜራውን የሚያሠራውን ነገር ከእኔው ላፕቶፕ ሲያወጡት «ፊትህን ማየት ምን ያደርግልሃል፣ ቤትህ መስታወት የለም?» አሉኝ። መስታወት አለኝ። ከእናቴ ኮምፒውተር የካርታ ጨዋታውን ሊያወጡ ሲሉ ግን ከባድ ውጊያ ገጠማቸው። እናቴ ጡረታ የወጣች ስልከኛ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው መስመር ስታገናኝ ስለኖረች እንዳይቋረጥባት የምትፈልገውን መስመር እንዴት እንደምትይዝ ታውቃለች። «ስማ ልጄ፣ ልጄን ሰጥቼሃለሁ፤ ካርታዬን አልሰጥህም!» አለቻቸው። ካርታውም፣ በዚያው የእሷ ካሜራም ተረፈ። በኋላ እንደምነግራችሁ፣ ያ ካሜራ ባይተርፍ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር።

ሁለተኛዋ የክቡርነታቸው ቃል «ምን አለ?» ናት። ተራው ሕዝብ ሲቸግረው ከሥራ ቦታው ይደውላል።

«ኧረ በናትህ፣ ይኼ ነገር አልሠራ አለ!»

«አልሠራ አይልም። የሆነ ነገር ብሏል። ምን አለ?»

«እኔ እንጃ፣ በእንግሊዝኛ ተቆጣ።»

«አንብብልኝ።»

«ረጅም ነው።»

«ጊዜ አለኝ» ይላሉ፤ ከጀርባቸው ደግሞ መነጽር የሚጠብቅ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማል። እኔም በቢሮው ኮሪደር ቆሜ፣ አለቃዬ እያለፈ እያየኝ፣ ፊደል በፊደል አነብላቸዋለሁ። እሳቸው በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ «እም… እም… ጎሽ… ቀጥል» እያሉ ይሰማሉ። የልብ ሐኪም የበሽተኛውን ደረት እንዲህ አጣጥሞ አይሰማም። ባላየውም ፊታቸው እንደፈካ አውቃለሁ። ዕቃ ሲሠራ ክቡርነታቸው ይተክዛሉ፤ ሲበላሽ ይታደሳሉ።

አንድ ጊዜ የእናቴ ኮምፒውተር «ቦታ የለኝም» አለ። ያለው እኮ የእህቷ ልጆች ፎቶና ካርታው ብቻ ነው። ክቡር አቅላይ እጃቸውን እያሻሹ መጡ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጻፉ፣ አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደገና ጻፉ። በመጨረሻ ምሥጢሩ ተገኘ። ድሮ እናቴ ለጎረቤት የሰጠችው ፕሪንተር ነበረ። ለካ ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩ መሄዱን የነገረው ሰው የለም። ይፈልገዋል፣ ያጣዋል፣ አጣሁት ብሎ ቅሬታ ይጽፋል፤ መልሶ ይፈልገዋል፣ ያጣዋል፣ ይጽፋል። ቅሬታው ተጠራቅሞ ቤቱን ሞላው።

«ምስኪን!» አለች እናቴ፤ ዓይኗ ውስጥ እንባ የመሰለ ነገር አየሁ። «ለካስ ሲፈልገው ነው የኖረው። መልሼ ልቀበላቸው እንዴ?»

«የድሮ ቅሬታ ሲበዛ የሚጠርግ ነገር የለውም?» ብዬ ጠየቅሁ እኔ፤ ትንሽ ትንሽ እየገባኝ ነበራ።

«ነበረው፤ አውጥቼዋለሁ» አሉ ክቡርነታቸው፣ በኩራት።

እንግዲህ እንዲህ ስንስቅ፣ ስንነታረክ፣ ፊደል በፊደል ስናነብ ኖርን። እህቴ ግን አትስቅም ነበር። እሷ የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ከተጋቡ ጀምሮ ተረኛነቷ ሌሊት ሌሊት ነው። እሷ ስትገባ እሳቸው ይወጣሉ፤ እሳቸው ሲገቡ እሷ ጫማዋን እያሰረች ነው። በር ላይ የሚገናኙ ባልና ሚስት ናቸው። ታዲያ የሆነ ክሊኒክ በቀን የምትሠራ ባለሙያ ይፈልጋል ተባለ። አመለከተች፤ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ቃለ መጠይቁ በኮምፒውተር ነው፤ የናሙና ሥዕሎች በሰፊ ስክሪን እያየች እንድትተነትን ስለሚፈለግ በስልክ አይቻልም የሚል መልእክት መጣላት።

ከመላው ቤተሰብ ካሜራ የቀረለት ኮምፒውተር የእናቴ ብቻ ነበር። ከዋዜማው ቀን ሄደን ሞከርነው፤ ገጹ ተከፈተ፣ ሥዕሉም ድምፁም መጣ። እህቴ እንኳ ሳትወድ በግዷ «ደህና ነው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ተሰበሰብን። እህቴ ነጭ ሸሚዟ እንዳይጨማደድ እንደ ሐውልት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እናቴ በር ላይ ቆማ የጎረቤት ሰው እንዳይገባ ትጠብቃለች። ክቡር አቅላይ ማብሪያውን ተጫኑ፤ የገጹን አድራሻ ጻፉ። ገጹ እንቢ አለ። እንደገና። እንቢ። «ይህ ግንኙነት አይታመንም» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተገተረ።

«ምን አ…» ብለው ጀመሩ ክቡርነታቸው።

«እንዳትለኝ!» አለች እህቴ። «ዛሬ ምን አለ ብለህ ብትጠይቀኝ እጮሃለሁ! እንደ ሰው ኮምፒውተር አድርግልን ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? ስንቴ?»

«ኢንተርኔቱ ይሆን?» አልኩ እኔ። ኢንተርኔቱ ደህና ነበር።

«አጥፍተህ አብራው» አለች እናቴ ከበሩ።

እሳቸው ጎንበስ ብለው አነበቡት። ዕቃ ተበላሽቶ ፊታቸው ሲጨልም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጥቁሩን ስክሪን ከፍተው ኮምፒውተሩን ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠየቁት። እሱም ያለ ምንም እፍረት እናቴ ገና ደብተር ይዛ ትምህርት ቤት የምትመላለስበትን ዓመት ነገራቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድረ ገጽ ሲከፈት መታወቂያውን ያሳያል። ኮምፒውተሩ መታወቂያው መቼ እንደተሰጠ ያያል። የእኛው ኮምፒውተር ደግሞ መታወቂያው የተሰጠበት ቀን ገና በጣም ሩቅ ነው ብሎ ስላመነ አጭበርባሪ መጣ ብሎ በሩን ዘጋ። በእሱ አቆጣጠር እህቴም ገና አልተወለደችም፤ ላልተወለደ ሰው ማን ቃለ መጠይቅ ይከፍታል?

«ትናንት ሲሠራ አልነበር እንዴ?» አልኩ።

«ዛሬ ከሶኬቱ ተነቅሎ ነበር?» ብለው ጠየቁ ክቡርነታቸው፣ በቀስታ።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ ነኝ! የልጄን ሸሚዝ ልተኩስ ብዬ፣ ካውያውን ልሰካ… ወይኔ! ወይ እኔ! እኔ ነኝ ያበላሸሁባት!»

ይህ አጋጣሚ ለማንኛውም አማች በዕድሜው አንዴ የሚመጣ ነው። ጥፋተኛዋ ራሷ አምናለች፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ክቡር አቅላይ ቀና አሉ።

«የለም እማዬ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ውስጡ ያለችው የሰዓቱ ባትሪ ከሞተች ቆየች፤ አውቅ ነበር። ሲነቀል ቀኑ ይጠፋበታል። ሲበራ ግን ከኢንተርኔት ጠይቆ የሚያስተካክልበት ነገር ነበረው። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«ለምን?» አለች እህቴ።

«ትርፍ መስሎኝ። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ ብዬ።»

ሁላችንም ቀና ብለን የግድግዳውን ሰዓት አየን። ቃለ መጠይቁ ሊጀመር ነው።

«እኔው በእጄ እነግረዋለሁ» አሉ፤ ጣታቸውን ኪቦርዱ ላይ አድርገው። «ዛሬ… ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«የቃለ መጠይቄን ቀን አታውቀውም?!»

ጥርሷን ነክሳ ነገረቻቸው። ጻፉት። ገጹ እንደ ምንም ተከፈተ። ሦስት ሰዎች ብቅ አሉ፤ መሐል ላይ የተቀመጡት ሴትዮ በደግነት ፈገግ ብለው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ድምፅ የለም። ለካ ትናንት የከፈትነውን ድምፅ ኮምፒውተሩ ሲነቀል ረስቶታል፤ እንዲህ ያለውን የሚያስታውስበትን ማስታወሻም ያወጡት ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ክቡርነታቸው በእህቴ ትከሻ ላይ ተንጠራርተው አንዲት ቁልፍ ደጋግመው መቱ፤ በድንገት ሴትዮዋ ቤቱን በሚያናጋ ድምፅ «ይሰማሻል ወይ?» አሉ። እናቴ ከበሩ «አቤት!» አለች።

ተጀመረ። እኔ ተንፈስ ልል ስል ስክሪኑ ብልጭ አለ። ጠረጴዛው ሥር፣ ማከፋፈያው ላይ፣ እናቴ ስትነቅልና ስትሰካ ያላላችው መሰኪያ ተንጠልጥሏል። የላፕቶፑ ባትሪ ድሮ የሞተ ነው። መሰኪያው ከወጣ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ቀኑ ይጠፋል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ የቀን ሥራውም አብሮ ይጠፋል። ክቡርነታቸው ቀድመውኝ አዩት። እኚያ የመነጽር ባለሙያ ሱሪያቸው ሳያሳስባቸው በደረታቸው ጠረጴዛው ሥር ገብተው መሰኪያውን በሁለት እጃቸው ያዙት። እዚያው ቀሩ። ከካሜራው ውጪ፣ ሚስታቸው እግር ሥር፣ አንገታቸው ተጣሞ፣ ቃለ መጠይቁ እስኪያልቅ።

እህቴ ሥዕሎቹን እያየች ስትተነትን እኔ እንኳ ሞያዋን ያኔ ነው ያወቅሁት። ቀጥሎ አንደኛው ሰውዬ ጠየቋት፤ «ናሙና መሐል ላይ እያለ መሣሪያው ቢቆምብሽ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

የእህቴን የውስጥ ትግል ከጎን ሆኜ አየሁት። «መጀመሪያ» አለች በመጨረሻ፣ «ምን እንዳለ አነባለሁ።»

ከጠረጴዛው ሥር የሆነ ድምፅ ወጣ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ድመት ነው» አለች እህቴ። አክላም በጫማዋ ጫፍ ድመቱን ነካ አደረገችው።

ሲያልቅ እናቴና እህቴ ተቃቅፈው ወደ ሳሎን ሄዱ። ጠረጴዛው ሥር ያለው ሰው ግን አልወጣም። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ከጠረጴዛ ሥር ተኮራምቶ ሰውን አንቱ ማለት ይከብዳል፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ይቅር።

«አለህ?»

«አለሁ። እግሬ ግን የለም። ደንዝዞብኛል።»

«አሁን እኮ መልቀቅ ትችላለህ።»

መሰኪያውን አየው፤ ለቀቀው። እዚያው ጎኑ ተቀመጥኩ። ሳቁን እየጠበቅሁ ነበር፤ አልሳቀም።

«ታውቃለህ ወንድሜ» አለኝ፣ «ከሥራ ስገባ ቤቱ ጭር ያለ ነው። እሷ ወጥታለች። ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፣ እሱ ደግሞ ላንተ ብሎ አይደለም የሚያወራው። የተበላሸ ኮምፒውተር ግን ቢያንስ የሆነ ነገር ይልሃል። ታነበዋለህ፣ ትመልስለታለህ። መልሶ ይመልስልሃል። ከዚያ አንዳችሁ ትደውላላችሁ፣ ‹ና እስቲ እየው› ትሉኛላችሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ይመሻል።»

እግሩን ያዝኩና ደሙ እስኪመለስ አሸሁለት።

እህቴ ሥራውን አገኘች። አሁን ሁለቱም አብረው ይገባሉ፣ አብረው እራት ይበላሉ፤ ስደውል የሚያነሣው እየሳቀ ነው፤ ከጀርባውም ትስቃለች። ሰዓቱንም፣ ጠራጊውንም፣ ማስታወሻውንም በየኮምፒውተሩ መልሶ አስገብቷል፤ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ አንድ በአንድ አረጋግጣለች። ቤተሰቡ ግን ያቺን ጠዋት አልረሳትም። አጎቴ የራሱን ወስዶ እንደ ሰው ኮምፒውተር አሠራው፤ አክስቴም ተከተለችው። እኔም ተራዬ ደርሶ ላፕቶፔን በከረጢት ይዤ ወደ አንድ ጠጋኝ ሱቅ ሄድኩ።

ባለሙያው ገልበጥ ገልበጥ እያደረገ አየው። ጥቁሩን ስክሪን ሲያይ የጥርስ ሐኪም የተበላሸ መንጋጋ እንዳየ ፊቱን አጨማደደ።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ዘመድ ነው።»

«አይዞህ። ከነሙሉ ዕቃው እጭንልሃለሁ። ካሜራው፣ ቀስቱ፣ ሙዚቃው፣ ሁሉም ይኖረዋል። ከእንግዲህ አይበላሽም፤ ‹ና እየው፣ ይኼ ነገር ምን ሆነ› ብለህ ማንንም አትጠራም።»

«ማንንም?»

«ማንንም!»

ላፕቶፑን ከእጁ ተቀበልኩት፤ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።